ስማቸው ያልወጣ፣ በራሳቸው የሚያወጡ ድምፃውያንን ከየት ታገኛላችሁ? ሪቪውስ እንዴት ትጽፋላችሁ?

የጉለሌው፦

ሰላም ለሁላችሁ። አጫጭር የሙዚቃ ሪቪው በአማርኛ የማወጣበት የቴሌግራም ቻናል ልከፍት ነው፤ በሳምንት ሁለት ዘፈን፣ እያንዳንዱ ከ150 እስከ 250 ቃል። አሳታሚ በሌላቸው፣ ነጠላ ዜማቸውን ከኪሳቸው በሚያወጡ ጀማሪዎች ላይ ብቻ ነው የማተኩረው። ዩቲዩብ ግን ምንም ብፈልግ ያንኑ ሚሊዮን ጊዜ የታየውን ነው የሚያመጣልኝ። ከሥር ያለውን እንዴት ነው የምትቆፍሩት? አንድ ዘፈን በእርግጥ በግል የወጣ መሆኑ በምን ይታወቃል? ደግሞስ "አሪፍ ነው"፣ "አልተመቸኝም" ከማለት አልፎ ምን ይጻፋል?

ሸክላ ሰብሳቢ፦

ከድምፃዊው አትጀምር፣ ከአቀናባሪው ጀምር። የወደድከውን አንድ ነጠላ ዜማ ክፈትና ከሥሩ ያለውን መግለጫ እስከ መጨረሻው አንብበው፦ ግጥም፣ ዜማ፣ ቅንብር፣ ሚክሲንግ (የተቀረጹትን ድምፆች ማመጣጠን)፣ ማስተሪንግ (የመጨረሻው ማጥሪያ)፣ ጊታር፣ ማሲንቆ። ብዙ ሰው ዘሎት ያልፋል፤ ሀብቱ ያለው ግን እዚያ ነው። አቀናባሪ የሚኖረው በሥራ ብዛት ነው፤ ዛሬ ታዋቂው የገባበት ስቱዲዮ ነገ ማንም የማያውቀው ልጅ ይገባበታል። የአቀናባሪውን ሙሉ ስም በትምህርተ ጥቅስ ውስጥ አስገባና "ቅንብር" የሚል ቃል ጨምረህ ፈልግ። ቀጥለህ የማሲንቆውን ወይም የዋሽንቱን ተጫዋች ስም እንደዚሁ። ከስቱዲዮ ስቱዲዮ የሚጠሩት የባህል መሣሪያ ተጫዋቾች እነዚያው ጥቂቶች ስለሆኑ ከአንድ ስም ብዙ ዘፈን ይመዘዛል።

ዩቲዩብ ላይ ሁልጊዜ ቀን ወስንለት። ከፍለጋው ቃል ቀጥሎ በእንግሊዝኛ ፊደል "አፍተር" ብለህ፣ ኮለን አድርገህ፣ ቀኑን በፈረንጆቹ 2025-01-01 ብለህ ጻፍ፤ ከዚያ በፊት የተጫነው ይቀነስልሃል። "አዲስ የኢትዮጵያ ሙዚቃ" ብለህ ግን አትድከም፤ ርዕሱ ላይ የማይለጥፈው ስለሌለ ምንም አይለይልህም። "ግጥምና ዜማ" የሚለውን ከ"አኩስቲክ" ወይም ከ"ላይቭ" ጋር አድርገህ ብትፈልግ የተሻለ ያመጣል። ፊደሉም ያታልላል፦ ፀሐይ፣ ጸሐይ፣ ፀሀይ፣ ሦስቱንም ሞክር። በላቲን ፊደል ሲሆን ይብሳል፤ "ትዝታ" ብቻዋን ቢያንስ አራት ዓይነት አጻጻፍ አላት።

ከቨር የሚሠሩ፣ ማለትም የሌላ ሰው ዘፈን መልሰው የሚዘፍኑ ልጆችንም አትለፋቸው። ቻናላቸውን ከአሮጌው ጀምረህ እየው፤ የራሳቸው ሥራ ከሃያ ከቨር መሐል ተቀብሮ ታገኘዋለህ። ቲክቶክ ላይ ደግሞ ከቪዲዮው ሥር ያለውን የድምፁን ስም ተጫን። በዚያ ድምፅ የሠሩት ሁሉ ይዘረዘራሉ፤ ከእነሱ መሐል ዘፈኑ የማን እንደሆነ መድረስ አይከብድም።

ባቲ ሜጀር፦

ሁለተኛውን ጥያቄህን ልውሰድ። ማከፋፈያ መጠቀም ከአሳታሚ ጋር መፈረም አይደለም፤ መጀመሪያ ይህን ለይ። ዲስትሮኪድ፣ ቲዩንኮር፣ ሲዲ ቤቢ የሚባሉት ክፍያ ተቀብለው ዘፈኑን ስፖቲፋይና አፕል ሙዚክ ላይ ያደርሳሉ እንጂ የማስተሩ (የዋናው ቅጂ) ባለቤትነት ከድምፃዊው እጅ አይወጣም።

ዩቲዩብ ላይ የቻናሉ ስም "ቶፒክ" ብሎ የሚያልቅ ከሆነ ገጹን የፈጠረው ዩቲዩብ ራሱ ነው። መግለጫው "ፕሮቫይድድ ቱ ዩቲዩብ ባይ" ብሎ ይጀምራል፤ ቀጥሎ የሚመጣው የማከፋፈያው ስም ነው። ዝቅ ስትል ክብ ውስጥ የገባች የእንግሊዝኛ ፒ ታገኛለህ፤ ከጎኗ ያለው የቅጂው ባለመብት ነው። የድምፃዊው የራሱ ስም ከሆነ ነገሩ አለቀ። ቁጥር ተደርድሮ "ሪከርድስ ዲኬ" ብሎ የሚያልቅ ከሆነም በግሉ ነው፤ ዲስትሮኪድ ላይ ሲጭን የሌብል (የአሳታሚ) ስም የሚጠይቀውን ሳጥን ባዶ ስለተወው ሲስተሙ የሞላለት ነው። ይህንን የካምፓኒ ስም መስሎት ሪቪው ላይ የሚጽፍ ሰው አለ፤ ያስቃል። "እገሌ ኢንተርቴይንመንት" የሚል ከሆነ ስሙን መልሰህ ፈልገው፤ በሥሩ አንድ ድምፃዊ ብቻ ካገኘህ የራሱ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው።

እኛ ጋ የሚያስቸግረው ክሊፑ በካምፓኒ ቻናል ወጥቶ ልጁ ግን ለዚያች ለአንዲት ዘፈን ብቻ የተስማማ እንደሆነ ነው። ውሉ ከውጭ አይታይም። ስለዚህ "ካምፓኒ የለውም" ብለህ አትጻፍ፤ "በራሱ ቻናል የወጣ" በል።

ስፖቲፋይ ካለህ ፍለጋው ላይ በእንግሊዝኛ "ታግ"፣ ኮለን፣ "ሂፕስተር" ብለህ ጻፍ፤ ተወዳጅነታቸው ከሁሉ ዝቅ ያለውን 10 በመቶ አልበሞች ያወጣልሃል። በ"ሂፕስተር" ፋንታ "ኒው" ካልክ ባለፉት ሁለት ሳምንታት የወጡትን። ባንድካምፕ (ድምፃውያን ሥራቸውን በቀጥታ ለአድማጭ የሚሸጡበት ድረ ገጽ) ግን የሚጠቅምህ ለዲያስፖራው ነው። ክፍያው በዋናነት በፔይፓል ስለሚሄድ አገር ቤት ላለ ድምፃዊ አይመችም፤ ዋሽንግተን ወይም ስቶክሆልም ላለ ልጅ ግን ምቹ ነው። በከተማ ስም ፈልግ። አልበሙ ገጽ ላይ የገዙት ሰዎች ፎቶ ተደርድሯል፤ አንዱን ስትጫን ያ ሰው የገዛውን ሁሉ ታያለህ። ጥሩ ጆሮ ያለው አንድ ገዢ ካገኘህ አልጎሪዝም አያስፈልግህም።

ቁጥርም አያታልልህ። 200 ሺህ ዕይታ ኖሮት 60 ላይክ ያለው፣ አስተያየቱ ሁሉ "ናይስ" ብቻ የሆነ ክሊፕ አጠራጣሪ ነው። ስፖቲፋይ ላይ 40 ሺህ ወርኃዊ አድማጭና 30 ተከታይ ካየህም እንደዚያው፤ "ዲስከቨርድ ኦን" ከሚለው ሥር ያሉትን ፕሌይሊስቶች ክፈትና አብረውት ያሉት ዘፈኖች የሚገናኙ መሆናቸውን እይ።

የጉለሌው፦

እግዜር ይስጥልኝ፣ ይህ ብቻውን የሳምንት ሥራ ነው። አንድ ነገር ልጨምር፦ ጥፋቱ የድምፃዊው ይሁን የቅንብሩ ይሁን የሚክሱ ይምታታብኛል። በስልክ ነው የማዳምጠው፣ አንዳንዱንም ከቴሌግራም አውርጄ።

ፌደር፦

ከቴሌግራም ባወረድከው ሚክስ አትፍረድ። ፋይሉ እጅህ እስኪገባ ስንት ጊዜ እንደታመቀ አታውቅም፤ ከዩቲዩብ ተስቦ፣ ወደ ኤምፒ3 ተቀይሮ፣ እንደገና ተጭኖ ሊሆን ይችላል። ጸናጽሉ ውኃ ውስጥ እንዳለ የሚፏጨው ብዙ ጊዜ ከዚያ ነው። ድምፃዊው ራሱ ከጫነበት አዳምጥ።

አንድ ጊዜ በሽቦ ማዳመጫ፣ አንድ ጊዜ በስልኩ ድምፅ ማጉያ፣ ከተቻለ አንድ ጊዜ መኪና ውስጥ። የስልክ ስፒከር ከ200 ሄርዝ በታች ያለውን እምብዛም ስለማያወጣ ቤዙ እዚያ ቢጠፋ ጥፋት አይደለም፤ ድምፁ ቢጠፋ ግን የሚክስ ጥፋት ነው። ሁለት ዘፈን ስታወዳድር ከፍታቸውን አስተካክል። የሚጮኸው ሁልጊዜ የተሻለ ይመስላል። ስፖቲፋይ በራሱ ወደ −14 ኤልዩኤፍኤስ (የድምፅ ጩኸት መለኪያ) ያቀራርበዋል፣ ዩቲዩብ ግን የጮኸውን ይቀንሳል እንጂ ዝግ ያለውን አያነሳም።

ቅንብርና ሚክስን ለመለየት ይህን ጠይቅ፦ የአንዱ መሣሪያ ድምፅ ቢቀነስ ይስተካከላል ወይ? ከተስተካከለ ሚክስ ነው። ድምፃዊው ሲዘፍን ሲንቴሳይዘሩም ሳክሱም ያንኑ ዜማ በዚያው ኦክታቭ የሚጫወቱ ከሆነ ግን ቢቀነስም አይድንም፤ ቅንብሩ ነው። ማሲንቆ ድምፁን ተከትሎ መሄዱ ወጉ ስለሆነ እሱን እንደ ስህተት አትቁጠር።

ከሁሉ በላይ ጀማሪን የሚያስወቅሰው ኦቶቲዩን፣ ማለትም የድምፃዊን ኖታ የሚያርመው ማሽን ነው። ትዝታ ማይነርን (አንዱን የትዝታ ቅኝት ዓይነት) ከዶ ብትነሣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ ፍላት፣ ሶል፣ ላ ፍላት ነው። ማሽኑ ዶ ሜጀር (ፍላት የሌለበት የኖታ ስብስብ) ላይ ከተተወ ሚ ፍላት የምትባል ኖታ አያውቅም። ከሬም ከሚም እኩል ስለራቀች ድምፁ አንዴ ወደ ታች፣ አንዴ ወደ ላይ ይንገጫገጫል፤ አድማጩም "ልጁ ቅኝት ሳተ" ይላል። የሳተው ማሽኑን የሞላው ሰው ነው! በዚህ ላይ የእርማቱ ፍጥነት ከ0 እስከ 10 ሚሊሰከንድ ከተደረገ የጉሮሮ ማዞሩ እንደ ደረጃ ተቆራርጦ ይሰማል። ይህንን ለማጣራት ያው ልጅ ላይቭ የዘፈነውን ፈልግ፤ እዚያ ንጹህ ከሆነ ድምፁን አትውቀስ።

ከበሮውንም ስማው። ችክችካው 6/8 ሆኖ እያንዳንዱ ምት አንድ ዓይነት ጉልበት ካለው በኪቦርድ ተሞልቷል። ያ በራሱ ኃጢአት አይደለም፣ የገንዘብ ጉዳይ ነው፤ ነገር ግን ትልቁና ትንሹ የከበሮ ፊት ካልተለየ ጭፈራው ይሞታል።

የአዳማዋ፦

ፌደር ያለው ለጆሮህ ነው እንጂ ለአንባቢህ አይደለም፣ ወንድሜ። "ሚ ፍላት" ብለህ ከጻፍክ ሁለተኛው አረፍተ ነገር ላይ ጥለውህ ይሄዳሉ። የሰማኸውን በደቂቃና በሰከንድ አስቀምጠው። "ቅንብሩ ያምራል" አይባልም። እንዲህ በል፦ "እስከ 0፡48 ክራርና ድምፅ ብቻ ናቸው። ከበሮው ሲገባ ድምፁ ወደ ኋላ ይሸሻል፤ የአዝማቹን የመጀመሪያ ስንኝ ለመስማት መልሶ መክፈት ግድ ነው።" አንባቢ ሄዶ ራሱ ያየዋል፣ ድምፃዊውም የቱ ጋ እንደሆነ ያውቃል። በ200 ቃል ውስጥ ሦስት እንደዚህ ያለ ቦታ በቂ ነው።

መጀመሪያ ክሊፑን ሳታይ ስማ፤ የክሊፑ ቀሚስና መኪና ዘፈኑን ያሳምረዋል። ሁለተኛ እየጻፍክ። ሦስተኛውን በማግስቱ፣ ዜማው አእምሮህ ውስጥ ቀርቶ እንደሆነ ለማወቅ።

ግጥሙን በወረቀት ገልብጠው። ቤት ለመምታት ብቻ የገባ ቃል ወረቀት ላይ ወዲያው ይታያል፤ "ልቤ" ካለ "ርሃቤ"፣ "ዓይኔ" ካለ "ጎኔ" እያለ ሐሳቡ ወደ ፊት የማይሄድ ከሆነ ያንኑ ጻፍ። ሰምና ወርቅ አለው ለማለት ኅብረ ቃሉ (ሁለት ትርጉም የያዘው ቃል) የቱ እንደሆነ ማሳየት አለብህ፤ ካላሳየህ አትበለው። ከግጥሙ አንድ ሁለት ስንኝ ጥቀስ፣ የገጣሚውን ስም አብረህ አኑር። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ምንጭ ጠቅሶ መጥቀስን ይፈቅዳል፣ ሙሉ ግጥሙን መለጠፍ ግን ሌላ ነገር ነው።

አንድ ወጥመድ ደግሞ አለ። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል የቅኝትም የዘፈንም ስም ናቸው። ልጁ የታወቀውን የትዝታ ዜማ ይዞ የራሱን ግጥም ቢያስገባ "ሰረቀ" ብለህ አትነሣ፤ መግለጫው ላይ "ዜማ፦ የሕዝብ" ብሎ መጻፉን ብቻ እይ። የራሱ ዜማ ነው ካለ ያኔ ትጠይቀዋለህ። ማነጻጸሪያህም የልጁ የቀድሞ ዘፈን ይሁን። እያንዳንዱን ጀማሪ ከጥላሁን ገሠሠ ጎን ማቆም ለሁለቱም አይሆንም።

ካልወደድከው ግን ተወው፣ አትጻፍበት። ማንም ያልሰማውን ዘፈን "አትስሙት" ማለት ምን ይሠራል?

ቤት መቺ፦

የአዳማዋ መጨረሻ ላይ ያለችው አልዋጠልኝም። ቻናሉ ምስጋና ብቻ ከሆነ በሁለት ወር ውስጥ ፕሮሞሽን ገጽ ነው የሚመስለው፣ አንባቢም ያንን ያሸታል። እኔ የምለው፦ እያንዳንዱ ሪቪው ውስጥ በሚቀጥለው ዘፈን ሊስተካከል የሚችል አንድ ጉድለት ይኑር። "ድምፅህ ቀጭን ነው" አይስተካከልም። "መግቢያው 52 ሰከንድ ነው፣ ግማሹ ይበቃው ነበር" ይስተካከላል። "መግለጫው ላይ ማሲንቆውን የተጫወተው ሰው ስም የለም" ይስተካከላል፣ ያውም ዛሬውኑ።

ዘፈኑን ቻናልህ ላይ በፋይል አትጫን፣ ሊንኩን ብቻ። ከ2024 ጀምሮ ስፖቲፋይ ባለፉት 12 ወራት 1,000 ጊዜ ላልተደመጠ ዘፈን አይከፍልም፤ አንተ ጋ በፋይል የተሰማው 300 ጊዜ ከዚያ ቆጠራ የሚጎድል ነው። ባንድካምፕ ካለው መጀመሪያ እሱን አስቀድም፦ ከዲጂታል ሽያጭ የሚወስደው 15 በመቶ ነው፣ ሽያጩ በዓመት 5,000 ዶላር ሲያልፍ 10 ይሆናል፣ የቀረው ከክፍያ ማስተላለፊያው ተቀንሶ ለልጁ ነው።

ገንዘብ ይመጣልሃል። "ትንሽ ነገር እንላክልህና ጻፍልን" ይላሉ። ከተቀበልክ ሪቪው የሚለውን ቃል አንሣና "ማስታወቂያ" ብለህ ከላይ ጻፍ። ድምፃዊው ዘመድህ ወይም አቀናባሪው ጓደኛህ ከሆነም እንደዚሁ፣ አንድ መስመር ይበቃል።

ከማውጣትህ በፊት ለድምፃዊው ጽሑፉን አትላክ፣ ጥያቄ ብቻ ላክ፦ ስምህን በአማርኛ እንዴት ነው የምትጽፈው፣ ግጥሙና ዜማው የማን ነው፣ ማን አቀናበረው፣ የት ተቀረጸ። ጽሑፉን ካየው "ይቺን አውጣልኝ" ይጀምራል። በመጨረሻ ከሊንኩ ጎን የቻናሉን ስምና የተጫነበትን ቀን ጻፍ። ጀማሪ ክሊፑን አንሥቶ በአዲስ ሚክስ መልሶ ይጭናል፣ ያን ጊዜ የአንተ "0፡48" ሌላ ቦታ ላይ ይወድቃል።

የጉለሌው፦

አዲሱ ሚክስ ሲጫን ሪቪውን ማረም ነው ወይስ አዲስ መጻፍ?

ቤት መቺ፦

አሮጌውን አትንካው። ከሥሩ ቀኑን ጽፈህ "በዚህ ቀን በተጫነው ቅጂ ከበሮው ሲገባ ድምፁ አይሸሽም" ብለህ ጨምርበት።