ጥርሴን አንጥቼ ድሬ ልገባ ነበር፤ ቀዝቃዛ ውሃ ግን አልቻልኩም

ጥያቄ፣ ከቶሮንቶ

ሰላም የድሬ ልጆች። የወንድሜ ሰርግ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል፤ ድሬዳዋ ነው። ከፋርማሲ የገዛሁትን ጥርስ ላይ የሚለጠፍ ማንጫ ስድስት ቀን ተጠቀምኩ። አሁን ቀዝቃዛ ነገር ሲነካው ይነዝረኛል። አፌን ከፍቼ አየር ስስብ ራሱ ይሰማኛል። ልቀጥል ወይስ ላቁም? ጥርሴን አበላሽቼው ይሆን? የደረሰበት ሰው ቢነግረኝ ደስ ይለኛል።

መልስ፣ ከድሬዳዋ

እህቴ፣ አይዞሽ። ጥርስሽ አልተበላሸም፤ ማንጫውን ግን ዛሬውኑ አቁሚ።

እኔ ከአሜሪካ ጠቅልዬ ስመለስ ይኸው ነገር ደርሶብኛል። ግማሽ ሰዓት አድርጉት የተባለውን ቶሎ እንዲነጣልኝ ብዬ ሁለት ሰዓት አቆየው ነበር። ቤት እንደገባሁ እናቴ በረዶ የመሰለ ውሃ ቀዳችልኝ። የድሬን ሙቀት ታውቂዋለሽ። አንዴ ስጎነጭ አገጬን ይዤ ቀረሁ። እሷም ደነገጠች።

ማንጫው ውስጥ የሚሠራው ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ነው፤ ወይም ካርባማይድ ፐርኦክሳይድ። ይሄ የጥርሱን ጠንካራ ሽፋን አልፎ ወደ ውስጥ ይዘልቃል። ከሽፋኑ ሥር ወደ ነርቩ የሚያመሩ በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች አሉ። ነርቩ ሲቆጣ ቀዝቃዛም ትኩስም ጎምዛዛም ይጠዘጥዘዋል። ማንጫው ሲቆም ብዙ ሰው ላይ በጥቂት ቀን ይለቃል።

አሁን ፋርማሲ ሂጂና ለሚጠዘጥዝ ጥርስ የተሠራ የጥርስ ሳሙና ግዢ። ካርቶኑ ላይ 5 በመቶ ፖታሲየም ናይትሬት የሚል ፈልጊ። ነርቩን የሚያረጋጋው እሱ ነው። እንደ ራስ ምታት ኪኒን ወዲያው አይሠራም። ጠዋትና ማታ እየቦረሽሽ ሁለት ሳምንት ያህል ስጪው። ለዚህ ነው ዛሬ ጀምሪ የምልሽ፤ ለሰርጉ ይደርሳል። ስትጨርሺ አረፋውን ትፊው እንጂ በውሃ አትጉመጥመጪ፤ መድኃኒቱ አብሮ ይታጠባል። እኔ ማታ ማታ በጣቴ ትንሽ የሚያመኝ ቦታ ላይ ቀብቼ እተኛ ነበር፤ እሱ በጣም ጠቅሞኛል። ብሩሽሽ ለስላሳ ይሁን። ከሰል ያለበት የጥርስ ሳሙና ለጊዜው ይቅርብሽ፤ ይፍቃል።

እዚህ ስትመጪ ደግሞ ምግቡ ይፈትንሻል። መጋላ ፉል ሲቀርብልሽ ሎሚ አታስጨምቂበት። ፉል ያለ ሎሚ ለድሬ ልጅ ከባድ ነው፣ አውቃለሁ አቦ፤ ግን ጤነኛ ጥርስ እንኳን በሎሚ ይጠርሳል። ከፍሪጅ የወጣ አምቦ ውሃም ቅዝቃዜውና ጋዙ አንድ ላይ ነው የሚመጣብሽ። ትኩሱን መጠጥ፣ ሆጃውንም፣ ለብ ሲል ጠጪ። ጎምዛዛ ከቀመስሽ ደግሞ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አትቦርሺ።

አንድ ነገር ልብ በይ። የእኔ ሌሎቹ ጥርሶች ሲሻላቸው አንዱ መንጋጋ እምቢ አለ። ሐኪም ሲያየው ለካ ከድሮ ጀምሮ ተቦርብሯል። የጥርስ ሕክምና ውጭ አገር ውድ ነው እያልን ለአገር ቤት እናስቀምጣለን፤ እኔም ዓመታት አስቀምጬዋለሁ። አንድ ጥርስ ለይቶ ካመመሽ፣ ሌሊት ከቀሰቀሰሽ፣ ወይም ቀዝቃዛው ካለፈ በኋላም ሕመሙ ከቆየ፣ ለድሬ አታቆዪው። እዚያው ሐኪም ዘንድ ታዪ። ከመንገድ በፊት ይሁን፤ ሰርግ ቤት ውስጥ የጥርስ ሕመም አልመኝልሽም።

ተጨማሪ፣ ከለንደን

ወንድማችን የጻፈው ትክክል ነው። እኔ የምሠራው ጥርስ ሐኪም ዘንድ ነው። እዚህ ከ0.1 በመቶ በላይ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ያለው ማንጫ ለሰው በቀጥታ እንዲሸጥ ሕጉ አይፈቅድም። ከዚያ በላይ እስከ 6 በመቶ ድረስ በጥርስ ሐኪም በኩል ብቻ ነው፤ ያውም ከ18 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ አይሰጥም። ስለዚህ እባካችሁ ለአገር ቤት ልጆች ስጦታ ብላችሁ በሻንጣ አትያዙ። የተሞላ ወይም ሰው ሠራሽ ጥርስ ደግሞ በማንጫ አይነጣም፤ አጠገቡ ያለው ብቻ ይነጣና ልዩነቱ ይወጣል። እህቴ፣ ሙሉ በሙሉ ከተሻለሽ በኋላ መቀጠል ብትፈልጊ አንድ ቀን እየዘለልሽ፣ ደቂቃውንም አሳጥረሽ አድርጊው። ሎሚና ቤኪንግ ሶዳ ቀላቅሉ የሚሏችሁን ግን አትስሙ። ሎሚው ራሱ ሽፋኑን ይበላል።

ከጠያቂዋ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ሳሙናውን ዛሬ ገዛሁ። ለእህቴ ልጅ የያዝኩት ሌላ ማንጫ ሻንጣ ውስጥ ነበር። 16 ዓመቷ ነው። አሁን አወጣሁት።