ለባልና ሚስት የገና ካርድ፣ ከተለመደው ወጣ ያለ የእንኳን አደረሳችሁ ቃል

ሜሪላንድ_ነኝ

ሰላም ለዚህ ቤት። ከባለቤቴ ጋር ለ2019 ገና 60 ካርድ ልናሳትም ነው፤ ከተጋባን የመጀመሪያው ገናችን ነው። 35ቱ አዲስ አበባና ደሴ ላሉ ቤተሰቦች ይሄዳል፣ የቀረው እዚሁ አሜሪካ ላሉ ሐበሻ ወዳጆች። «እንኳን ለጌታችን ለመድኃኒታችን ለኢየሱስ ክርስቶስ የልደት በዓል በሰላም አደረሳችሁ» የሚለውን ባንኩም ቴሌውም በቴክስት ይልከዋልና ሌላ ነገር ፈልገን ነበር። እስካሁን የያዝነው «መልካም ገናና መልካም አዲስ ዓመት»፣ ወይ ግዕዝ፣ ወይ አጭር ግጥም ነው። የእኔ ወገን ኦርቶዶክስ፣ የእሱ ፕሮቴስታንት ናቸው። ካርዱ ታጣፊ ነው፣ ፊቱም ውስጡም ይጻፍበታል። ምን ትላላችሁ?

ደብተራው

የመጀመሪያውን ጣሉት። ከፈረንጅ ካርድ ላይ የተገለበጠ ነው። የእኛ ዓመት መስከረም ላይ ተለውጦ፣ ገና ሲደርስ አራተኛው ወር ሊያልቅ 1 ቀን ነው የሚቀረው። ደሴ ያለች አክስት «የምን አዲስ ዓመት?» ብትል እውነቷን ነው።

ከግዕዝ ሁለት አማራጭ አለ። አንደኛው «ቤዛ ኵሉ ዓለም ዮም ተወልደ»፤ ላሊበላ በገና ጠዋት ካህናቱ ግማሾቹ ማሜ ጋራ ላይ፣ ግማሾቹ ታች በቤተ ማርያም ቅጥር ሆነው የሚያሸበሽቡት ነው። አጭር ነው፣ ካርድ ላይ ያምራል፣ የሚያውቀው ሰው ዜማው ጆሮው ላይ ይመጣበታል። ችግሩ «ዮም» ማለት ዛሬ ነው። ካርዱ ኅዳር መጨረሻ ላይ፣ ጾሙ ሳይጋመስ ቢደርስ «ዛሬ ተወለደ» ይላል። ይህን ከመረጣችሁ ፖስታው ጀርባ ላይ «በገና ዕለት ይከፈት» ብላችሁ ጻፉበት፤ እሱ ራሱ ወግ ይሆናል።

ሁለተኛው ለሁለቱ ወገን ይሻላል ባይ ነኝ። ፊቱ ላይ «ስብሐት ለእግዚአብሔር በሰማያት ወሰላም በምድር»፣ ውስጡ ያንኑ ጥቅስ ከ1954ቱ መጽሐፍ ቅዱስ በአማርኛ፦ «ክብር ለእግዚአብሔር በአርያም ይሁን ሰላምም በምድር ለሰውም በጎ ፈቃድ»፣ ሥሩ ሉቃስ 2፥14። ግዕዙ ለአንቺ ቤተሰብ፣ አማርኛው ለሁሉም። ማንም እንግዳ አይሆንም።

ፊደሉን ተጠንቀቁ፤ ስብሐት በሐመሩ ሐ፣ «ኵሉ» በኵ እንጂ በኩ አይደለም። ዓመተ ምሕረቱን በግዕዝ ቁጥር ካደረጋችሁት 2019 ማለት ፳፻፲፱ ነው። ብዙ ካርድ ላይ መቶዋ ትዘለልና ፳፲፱ ተብሎ ይታተማል፤ ያ ሃያና አሥራ ዘጠኝ ነው እንጂ ዓመት አይደለም። ዲዛይኑን ለከርሞ ልታስቀምጡት ካሰባችሁ ደግሞ «ታኅሣሥ 29» የሚለውን አታትሙበት፤ 2020 ዘመነ ዮሐንስ ስለሆነ ገና በ28 ይውላል።

አዜብ_ዘሐዋሳ

ደብተራው ያለው ሁሉ ልክ ነው፣ ግን እህቴ፣ ያ ካርድ ከማንም ሊመጣ ይችላል። ባልና ሚስት የላኩት መሆኑ የት አለ?

በእኛ ወግ «እንኳን አደረሳችሁ» ሲባል መልሱ «እንኳን አብሮ አደረሰን» ነው። ለሁለት ክፈሉት። ፊቱ ላይ በእሱ የእጅ ጽሕፈት «እንኳን አደረሰሽ»፣ ሲገለጥ በአንቺ የእጅ ጽሕፈት «እንኳን አብሮ አደረሰን»፣ ከሥሩ ተቀባዩንም ጨምሮ «ሁላችንንም የከርሞ ሰው ይበለን»። የሚያነበው ሰው ሁለታችሁን በር ላይ እንደሰማ ያህል ነው። ጽሕፈቱን ነጭ ወረቀት ላይ በጥቁር እስክሪብቶ ጽፋችሁ በ600 ዲፒአይ ስካን አድርጉት፤ በስልክ ካሜራ የተነሳ ጥላ ይይዛል፣ ሲታተም ግራጫ ይሆናል።

ይህ አካሄድ ሌላም ጣጣ ይፈታል። «አደረሳችሁ» ለቤተሰብ ነው፣ ለብቻቸው ለሚኖሩ አያት ግን «አደረሰዎት» ነው የሚባለው። ሁለት ዓይነት ከማሳተም «አደረሰን» ብሎ ራስን መጨመር ለትልቅም ለትንሽም ይሆናል።

ግጥም ካላችሁም ከሁለት ስንኝ አይለፍ። በየወል ቤት፣ ማለትም ስድስት ስድስት ቀለም እያሉ፦

አምና ለየብቻ፣ ዘንድሮ በጋራ፤
እንኳን አደረሰን፣ ብርሃኑ ሲበራ።

ከፈለጋችሁ ውሰዱት። ለዘንድሮ ብቻ ነው የሚሠራው፣ ጥሩነቱም እሱ ነው። ስማችሁ ከፈቀደ ደግሞ ከስማችሁ ሰምና ወርቅ አውጡ። ሰላምና ብርሃኑ የሚባሉ ጥንዶች «ሰላምና ብርሃኑ አይለያችሁ» ቢሉ በረከትም ፊርማም ነው። ማብራሪያ የሚፈልግ ከሆነ ግን ተዉት።

ቀልደኛው_ነኝ

«በገና ጨዋታ፣ አይቆጡም ጌታ» የት ሄደ? የገና ዱላና ሩር ሥዕል ከላይ፣ ጽሑፉ ከታች፣ አለቀ። ለጓደኛና ለአለቃ የሚሆን ነው፤ ለአማት አይላክም። ከ60ው 10 ያህሉን እንዲህ አድርጉት።

ባለቀለም

ቃሉን ስትጨርሱ ማተሚያ ቤት ላይ እንዳይበላሽባችሁ፦

ፎንቱ ዩኒኮድ ይሁን፤ ኒያላ፣ አቢሲኒካ ሲል ወይም ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ። በድሮዎቹ ቪዥዋል ግዕዝ ወይም ፓወር ግዕዝ የተጻፈ ፋይል ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ይሆናል። አሜሪካ ያለ ማተሚያ ቤት የአማርኛ ፎንት ላይኖረው ስለሚችል ዩኒኮዱም ባዶ ሳጥን ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ጽሑፉን ወደ ቅርጽ ቀይራችሁ በፒዲኤፍ ላኩ። ከቀየራችሁት በኋላ ፊደል ማረም አይቻልምና ዋናውን ፋይል ለብቻው አስቀምጡ።

ወርቃማ ቅብ ካማራችሁ ቀጭንም ደማቅም ፎንት አትምረጡ። በቀጭኑ መስመሩ ይበጣጠሳል፣ በደማቁ የቤ ቀለበት ይደፈንና ቤ ቢ ይመስላል፤ «ቤዛ» የተባለው «ቢዛ» ሆኖ ይነበባል። ለፊቱ ከ24 ነጥብ፣ ለውስጡ ከ14 ነጥብ አትውረዱ። 60ውን ከማዘዛችሁ በፊት አንድ ናሙና አሳትማችሁ ፊደሉን ባላየ ሰው አስነብቡት።

ወረቀቱ 300 ግራም ቢሆን ጥሩ ነው፣ ግን ሳይታጠፍ በፊት መታጠፊያው በማሽን ይሰመር። ካልተሰመረ ቀለሙ እጥፋቱ ላይ ይሰነጠቃል፣ ጥቁር ቀለም ላይ ደግሞ ነጩ ከሩቅ ይታያል። ፖስታውን ስታዙ በስሙ ሳይሆን በልኩ እዘዙ። አሜሪካ «ኤ6» የሚባለው ፖስታ 4.75 በ6.5 ኢንች ነው፤ የዓለም አቀፉ ኤ6 ካርድ 105 በ148 ሚሊሜትር ስለሆነ ውስጡ ይንከራተታል። አራቱም ጎኑ እኩል የሆነ ፖስታ የአሜሪካ ፖስታ ቤት ተጨማሪ ያስከፍልበታል።

ሜሪላንድ_ነኝ

ተባረኩ! የአዜብን የሁለት ሰው ሰላምታ ይዘን፣ ጀርባው ላይ የሉቃስን ጥቅስ በአማርኛ እናስገባለን። አንድ የቀረን ስም ነው። የማን ይቅደም? ደግሞስ መቼ እንላከው?

ደብተራው

ስማችሁን አታሳትሙት። ቦታውን ክፍት ትታችሁ በእጅ ፈርሙ፤ ለአንቺ ወገን የአንቺን አስቀድሙ፣ ለእሱ ወገን የእሱን። 60 ፊርማ የአንድ ማታ ሥራ ነው። እስክሪብቶው የሚያብረቀርቅ ወረቀት ላይ እንዳይደፋ፣ የካርዱ ውስጥ ያልተቀባ ይሁን።

የኢትዮጵያዎቹ ኅዳር 20 ሳያልፍ ፖስታ ቤት ይግቡ። የፖስታ ሳጥን ቁጥር የሌለው ዘመድ ካለ በመሥሪያ ቤቱ ቁጥር ላኩለት፤ ስሙን በአማርኛም በላቲንም ጻፉ፣ «ኢትዮጵያ» የሚለውን ግን በላቲን፣ በትልልቅ ፊደል፣ በመጨረሻው መስመር ላይ።