በ7 የሚያልቅ ቁጥር በ2 ይካፈላል እያለኝ ነው፤ ምን ላድርግ?

ጀማሪው፦ ሰላም ናችሁ። የ147573952589676412927ን አካፋዮች አግኙ ተብለናል። ቁጥሩ 2 በ67 ፓወር ሲቀነስ 1 ነው። ፓይተን ላይ ሉፕ ጻፍኩ፤ ከ2 ጀምሮ በየተራ ያካፍላል፣ ውጤቱ ሙሉ ቁጥር ከሆነ ይነግረኛል። ኢንተር ስጫን ወዲያው "2" አለኝ። በ7 የሚያልቅ ቁጥር! ከ3 አስጀመርኩት፣ "3" አለኝ። አሃዞቹን በእጄ ስደምር 109 መጡ፤ በ3 አይካፈልም። ላፕቶፑ ነው ያበደው ወይስ እኔ? ማስረከቢያው ነገ ነው።

ማሂ፦ 67 ራሱ ፕራይም (ከ1 እና ከራሱ ሌላ አካፋይ የሌለው) አይደል? እንግዲያው ይሄም ፕራይም ነው። "1 እና ራሱ" ብለህ ጻፍና ተኛ።

ጋሽ ቀሪ፦ ማሂዬ፣ ልጁን ገደል አትክተቺው። 11ም ፕራይም ነው፤ 2 በ11 ፓወር ሲቀነስ 1 ግን 2047 ነው፣ 23 ሲባዛ በ89። ፓወሩ ፕራይም መሆኑ ብቻ ዋስትና አይሆንም።

ወደ ኮዱ ስንመጣ፣ በ"/" ነው ያካፈልከው አይደል? እሷ መልሱን በፍሎት (ነጥብ ባለው ቁጥር) ነው የምትሰጥህ። ፍሎት 15 ወይም 16 አሃዝ ቢይዝ ነው፣ ያንተ ቁጥር 21 አሃዝ አለው። በትንንሽ ቁጥሮች ስታካፍለው ከነጥብ በኋላ ያለው ሁሉ ይጠፋና ሙሉ ቁጥር ይመስላል። በ"%" ቀሪውን ጠይቀው፤ ቀሪው 0 ሲሆን ብቻ ተቀበል። ኤክሴል ላይ አረጋግጣለሁ እንዳትል ደግሞ፣ እሱም የመጨረሻዎቹን 6 አሃዞች ዜሮ ያደርጋቸዋል።

ጀማሪው፦ ጋሼ ይኑሩልኝ! ውሸቱን አቆመ። አሁን ግን የላፕቶፑ ፋን እየጮኸ ነው፣ የደረሰበትን ቁጥር በየዙሩ ፕሪንት ያደርጋል፣ መልስ የለም። ጓደኛዬ የፌርማን ፈተና (ቀሪው 1 ካልሆነ ቁጥሩ ፕራይም አይደለም የሚለውን) ሞክር ብሎኝ 2ን ቁጥሩ ሲቀነስ 1 ፓወር አድርጌ ለቁጥሩ ሳካፍል ቀሪው 1 ሆነ። ማሂ ልክ ሳትሆን አልቀረችም?

ሶሊያና፦ አይደለችም 😄 እንዲህ ዓይነት ቁጥሮች ፓወሩ ፕራይም እስከሆነ ድረስ በ2 ሲፈተኑ ሁሌም 1 ነው የሚሰጡት፤ 2047ም ይሰጥሃል። በ2 ፈንታ 3ን አስገባ። ቀሪው 1 አይሆንም፤ አንድም አካፋይ ሳታውቅ ፕራይም አለመሆኑን አወቅክ ማለት ነው።

ለፍጥነቱ መጀመሪያ ያንን ፕሪንት አውጣው፣ ዋናው አዝጋሚ እሱ ነው። ከዚያ ሁሉንም ቁጥር አትሞክር። አንድ ፕራይም ይህን ቁጥር ካካፈለ፣ 2 በ67 ፓወር ለዚያ ፕራይም ሲካፈል ቀሪው 1 ነው። 67 ፕራይም ስለሆነ ከዚያ ባነሰ ፓወር ቀሪው 1 አይሆንም፤ ስለዚህ 67 የፕራይሙን ሲቀነስ 1 ያካፍላል። ፕራይሙ ጎዶሎ ነው፣ 1 ሲቀነስለት በ2ም ይካፈላል። እንግዲህ 135፣ 269፣ 403 እያልክ በ134 እየዘለልክ ሂድ። ወደ 193 ሚሊዮን የሚጠጋው ሙከራ 1.4 ሚሊዮን ገደማ ይሆንልሃል።

ጋሽ ቀሪ፦ ጎበዝ! የማሂ ስህተትም ታላቅ ሰው አለበት። ፈረንሳዊው ሊቅ መርሴን በ1644 ይህንን ቁጥር ፕራይም ብሎ መዝግቦት ነበር። የሒሳብ ሊቁ ሉካስ በ1876 እንዳልሆነ አሳየ፣ አካፋዮቹን ግን አላገኘም። በ1903 ኒው ዮርክ በተደረገ የሒሳብ ሊቃውንት ስብሰባ ላይ ፍራንክ ኔልሰን ኮል ሁለቱን አካፋዮች ይዞ መጣ። እንደሚተረከው አንድ ቃል ሳይተነፍስ ጥቁር ሰሌዳው ላይ አባዝቶ አሳይቶ ተቀመጠ፤ አዳራሹም አጨበጨበ። ምን ያህል ጊዜ ፈጀብህ ሲሉት "የሦስት ዓመት እሁዶች" አለ ይባላል። ያኔ ላፕቶፕ የለ፣ ፋን የለ።

ጀማሪው፦ ወጣ!!! 193707721። ቁጥሩን ለዚህ ሳካፍል 761838257287። ሙሉ ቁጥር ብቻ በሚሰጠው በ"//" ነው ያካፈልኩት ጋሼ፣ አይቆጡ። የመጨረሻዎቹን ሦስት ሦስት አሃዞች በእጄ አባዛሁ፤ 721 ሲባዛ በ287፣ 206927። በ927 ያልቃል፣ ልክ ነው። ግን ጠቅላላ አካፋዮቹ ስንት ናቸው ልበል?

ሶሊያና፦ ሁለቱም ፕራይም ናቸው፤ 1 እና ራሱን ጨምረህ 4 በል።

ጀማሪው፦ ተባረኪ። ማሂ፣ ተኝተሻል?