መብራት የጠፋበት ኖድና የዋሸ ኖድ እኩል ይቀጣሉ እንዴ?

ትዕግሥቴ አለቀ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የማስተርስ መመረቂያ ሥራዬ ላይ ተጣብቄአለሁ። ቡና ከገበሬ ማኅበራት እስከ ላኪ ድረስ ያለውን ጉዞ የሚመዘግብ የግል ብሎክቼይን (ብዙ ኮምፒውተሮች በጋራ የሚይዙት መዝገብ) ለሙከራ ሠርቻለሁ። 7 ኖዶች፣ ማለትም መዝገቡን የሚይዙ ኮምፒውተሮች አሉት። የሚስማሙት በፒቢኤፍቲ ነው፤ ጥቂቶቹ ቢዋሹም የቀሩት በድምፅ እንዲስማሙ የሚያደርግ ስልት ነው። አማካሪዬ «ኖዶቹ ምን ያህል እንደሚታመኑ ለኪ» ስላለኝ ለእያንዳንዳቸው የታማኝነት ነጥብ ሰጠሁ። ሁሉም ከ0.5 ይጀምራል። በትክክል ድምፅ ለሰጠ 0.01 ይጨመራል፤ ላጠፋ ወይም ለቀረ 0.01 ይቀነሳል። ከ0.3 በታች የወረደ ይባረራል።

ችግሩ፣ ጅማ ያስቀመጥኩት ኖድ መብራት በጠፋ ቁጥር ነጥቡ እየወረደ በመጨረሻ ተባረረ። ሆን ብዬ እንዲያጭበረብር ያዘጋጀሁት ኖድ ግን 0.9 ላይ ተንፈላስሶ ተቀምጧል! ምን ላድርግ?

ሌሊት ኮደር፦
መቅረትንና መዋሸትን በአንድ ሚዛን መዝነሻቸው ነው። ዝም ያለ ኖድ መብራት ጠፍቶበት ይሁን ተንኮል አስቦ ማወቅ አትችዪም። አንድ ኖድ በአንድ ዙር፣ በአንድ ተራ ቁጥር ለሁለት የተለያዩ ብሎኮች (የመዝገቡ ገጾች በያቸው) ከፈረመ ግን ሁለቱም ፊርማዎች እጅሽ ላይ ናቸው። መካድ አይችልም። ኢቴሪየም የሚባለው ትልቁ ብሎክቼይንም እ.ኤ.አ. በ2022 ወደ ፕሩፍ ኦፍ ስቴክ (ገንዘብ ያስያዙ ኖዶች ብሎክ ወደሚያረጋግጡበት አሠራር) ከተሻገረ ወዲህ የሚሠራው እንዲሁ ነው። ከመስመር የጠፋ አረጋጋጭ ኖድ በአብዛኛው ጥቂት ይቀነስበታል። ሁለት ቦታ የፈረመ ግን ካስያዘው ገንዘብ ተቆርጦበት ይባረራል። ሁለት ነጥብ ያዢ፤ አንዱ ለመገኘት፣ ሌላው ለሐቀኝነት።

ሰብሊ፦
ስሌቱ ራሱም ቀዳዳ አለው። 10 ጊዜ ታምኖ 1 ጊዜ የዋሸ ኖድ ባንቺ አቆጣጠር 0.09 አትርፎ ነው የሚወጣው። ዕቁብ ላይ በየሳምንቱ በሰዓቱ እየከፈለ ቆይቶ፣ ዕጣው ሲወጣለት ስልኩን የሚያጠፋ ሰው አታውቂም? ኖድሽ እሱ ነው። ፊርማው ያጋለጠው ውሸት ሐቀኝነቱን በአንዴ ዜሮ ያድርገው፤ በጊዜም አይፋቅ። የመገኘት ነጥቡ ግን የቅርብ ጊዜውን ያስበልጥ፣ የድሮው እየደበዘዘ ይሂድ። ያኔ ጅማ መብራት ሲመጣ ቶሎ ያገግማል።

ሌላም አለ። ከ0.3 ወርዶ የተባረረ ኖድ አዲስ ቁልፍ (የሚፈርምበት ምስጢራዊ ኮድ) አውጥቶ ቢመለስ 0.5 ታሸልሚዋለሽ! መባረሩ ጠቀመው ማለት ነው። ዕቁብ ዋስ የሚጠይቀው ለዚህ ነው። ያንቺ መረብ የግል ስለሆነ ነጥቡን ከቁልፉ ጋር ሳይሆን ሰርተፊኬት ከወሰደው ማኅበር ጋር እሰሪው።

ጋሼ ሰርቨር፦
ልጄ፣ ሁሉም ጥሩ ብለዋል። እኔ ግን ስለ ማባረሩ ልናገር። ፒቢኤፍቲ ቢያንስ የአጭበርባሪዎቹን ቁጥር 3 እጥፍ ሲደመር 1 ኖድ ነው የሚፈልገው። 7 ኖድ ካለሽ 2 አጭበርባሪ ትችያለሽ። ጅማን ስታባርሪ 6 ቀሩ። 6 ደግሞ የሚችለው 1 ብቻ ነው። ለደህንነት ብለሽ የወሰድሽው እርምጃ ደህንነትሽን ቀነሰው። በመቅረት ማንንም አታባርሪ። የመገኘት ነጥቡን መሪ ኖድ፣ ማለትም አዲስ ብሎክ ለድምፅ የሚያቀርበውን ለመምረጥ ተጠቀሚበት። የሚቆራረጥ ኖድ መሪ ካልሆነ ሥራው አይጓተትም፤ ድምፁ ግን አለ።

ደግሞ ነጥብ ሁሉን አያይም። ሮኒን የሚባለው፣ ገንዘብ ከአንድ ብሎክቼይን ወደ ሌላ የሚያሻግር ድልድይ እ.ኤ.አ. በማርች 2022 ተዘረፈ፤ ከ600 ሚሊዮን ዶላር በላይ። 9 አረጋጋጮች ነበሩት፣ ገንዘብ ለማውጣት የ5ቱ ፊርማ ይበቃል። 4ቱ በአንድ ኩባንያ እጅ ነበሩ። ሌቦቹ እነዚያን ያዙ፣ አምስተኛውን ጨመሩ፣ አለቀ። እስኪታወቅ 6 ቀን ፈጀ። እስከዚያች ቀን ነጥብ ቢሰጣቸው ሁሉም አንደኛ ይወጡ ነበር። ኖዶችሽን ማን ነው የሚያስተዳድራቸው? ቁልፎቹስ የት ተቀምጠዋል?

ትዕግሥቴ አለቀ፦
ጋሼ፣ አፈርኩ። ከ7ቱ 4ቱ በአንድ የክላውድ አካውንት ላይ ናቸው። የይለፍ ቃሉም አንድ ነው። 😅

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ነጥቡን አሁን እያንዳንዱ ኖድ ራሱ ባየው ልክ ነው የሚያሰላው። ችግር አለው?

ሌሊት ኮደር፦
አለው እንጂ! ሁሉም የየራሱን ካሰላ መሪው ማን እንደሆነ መስማማት ያቅታቸዋል፤ መረቡ ይቆማል። ሰንሰለቱ ላይ ከተመዘገበ ማስረጃ ብቻ ይሰላ፣ ያኔ የሁሉም መልስ አንድ ይሆናል። «እገሌ አልመለሰልኝም» የሚለውን ክስ ደግሞ ከአንድ ኖድ አትቀበዪ፣ ስም ማጥፋት ሊሆን ይችላል። 3 ኖዶች ሲከሱ ብቻ ቁጠሪው። አጭበርባሪዎቹ ቢበዛ 2 ናቸው ካልን፣ ከ3ቱ ከሳሾች ቢያንስ አንዱ ሐቀኛ ነው።

ትዕግሥቴ አለቀ፦
ሞከርኩት። አጭበርባሪው ሁለት ብሎክ ላይ እንደፈረመ ወዲያው ዜሮ ገባ። ጅማ ማታ ለሁለት ሰዓት ያህል ጠፍቶ ተመለሰ፣ መሪነቱን ለጊዜው ቢያጣም ድምፁ አልተነካም። አሁን እነዚያን አራቱን ኖዶች ለመለያየት ሌላ ሰርቨር እየፈለግኩ ነው፤ ርካሽ የምታውቁ ካላችሁ ጠቁሙኝ።