በፍለጋ ንድፍ የተገኙ መስመሮችን በአንድ ጊዜ መርጦ መቅዳት

ጥያቄ፦
ጤና ይስጥልኝ። ከ3,000 መስመር በላይ የሆነ የአካባቢ ታሪክ ጽሑፍ በቪኤስ ኮድ (የጽሑፍና የኮድ ማዘጋጃ ፕሮግራም) እያዘጋጀሁ ሲሆን፣ «ዓ.ም» ያለባቸውን መስመሮች ብቻ ወደ ሌላ ፋይል ማውጣት እፈልጋለሁ። አንድ በአንድ እየፈለግሁ ስቀዳ ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል፤ ያም ሆኖ የዘለልኳቸው አሉ። ሁሉንም በአንድ ጊዜ መምረጥ ይቻላል?

መልስ 1፦
ይቻላል። ኮንትሮልና ኤፍን ተጭነው የፍለጋውን ሳጥን ይክፈቱ፤ በሳጥኑ ቀኝ ጫፍ ነጥብና ኮከብ ያለበትን ምልክት (በፍለጋ ንድፍ መፈለጊያውን) ያብሩና እንዲህ ብለው ይጻፉ፦

.*[አኣዐዓ]\.ም.*

ቀጥሎ ኦልትና ኢንተርን ሲጫኑ የተገኙት መስመሮች በሙሉ ይመረጣሉ፤ ቀድተው አዲስ ፋይል ላይ ይለጥፏቸው። በማዕዘን ቅንፉ ውስጥ አራቱንም ፊደላት ያስገባሁት ጸሐፊዎች እያቀያየሩ ስለሚጠቀሙባቸው ነው። ከ«ም» በፊት ካለችው ነጥብ ፊት ያለውን ወደ ኋላ ያዘመመ ሰረዝ እንዳይተዉት አደራ፤ ነጥብ ብቻዋን ስትቆም ማንኛውንም ፊደል ስለምትወክል «ዓለም» እና «አዳም» የሚሉት ቃላት ሁሉ አብረው ይመጡብዎታል።

መልስ 2፦
ኖትፓድ ፕላስ ፕላስ ለሚጠቀሙ ደግሞ፣ በፍለጋው መስኮት «ማርክ» በሚለው ክፍል መስመሮቹን ቡክማርክ አድርጎ (ምልክት አኑሮባቸው)፣ ከ«ሰርች» ዝርዝር ውስጥ ቡክማርክ የተደረጉትን ብቻ መቅዳት ይቻላል።

ጠያቂው፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሠርቶልኛል። ሆኖም «ዓ. ም» ተብሎ በክፍት ቦታ የተጻፈውና «ዓመተ ምሕረት» የሚለው ቀርተዋል።

መልስ 1፦
እንዲህ ያስፉት፦

.*[አኣዐዓ](\. ?ም|መተ ም[ህሕኅ]ረት).*

የጥያቄ ምልክቱ ከፊቱ ያለው ክፍት ቦታ ቢኖርም ባይኖርም እንዲቀበል ያደርገዋል።