የዛይ ሕዝብን ባህል ለማወቅ ወደ ዝዋይ ደሴቶች እንዴት ልሂድ?

መምህር ከአዲስ አበባ
ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው ዓመት ከባቱ (ከዝዋይ ከተማ) በሞተር ጀልባ ተነሥተን ቱሉ ጉዶ ደሴት ደርሰን ነበር። አስጎብኚያችን ታቦተ ጽዮን በዮዲት ዘመን ከአክሱም ሸሽታ በደሴቲቱ ለሰባ ዓመት ያህል እንደተቀመጠች የሚነገረውን ትውፊት ተረከልን፤ ወደ ማርያም ጽዮን ቤተ ክርስቲያን ወጥተን ፎቶ አንሥተን ተመለስን። ከነዋሪዎቹ ጋር ግን ሰላምታ እንኳ በወጉ አልተለዋወጥንም፤ ይህም እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ዘንድሮ ጥቂት ቀናት ተቀምጬ ስለ አኗኗራቸውና ስለ ቋንቋቸው መማር እፈልጋለሁ። አስቀድሜ ማንን ላነጋግር? ጉዞዬንስ ለኅዳር ጽዮን ላድርገው ወይስ ለጥር?

መንገደኛ
ኅዳር 21 ቢሄዱ ማኅሌቱንና ሕዝቡን ያያሉ፤ በዓሉ በእርግጥ ያማረ ነው። ጠዋት ይሻገሩ፤ ሐይቁ ጥልቀት ስለሌለው ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣ ማዕበሉ ቶሎ ያይላል። እኔ ይህን ንቄ ስመለስ ልብሴ እስከ ደረቴ ርሶ ነበር። የብራና መጻሕፍቱን ለማየት የቤተ ክርስቲያኑን አገልጋዮች ያስፈቅዱ፤ ገጹን የሚገልጡት እነርሱ ናቸውና እጅዎን አይዘርጉ።

የደሴት ልጅ
ከወንድሜ ከመንገደኛ ጋር በአንድ ነገር አልስማማም። በበዓል ቀን የሚያዩት በአብዛኛው እንደ እርስዎ ከውጭ የመጣውን ምእመን ነው፤ የእኛን ኑሮ ለማየት ተራ ቀን ይምረጡ። ማለዳ ዓሣ አጥማጁ መረቡን ሲስብ፣ ቆሮሶውን ከአምባዛው ሲለይ፣ ገበሬው ተዳፋቱን በድንጋይ እርከን ደግፎ ሲያርስ ያገኙታል። የሸምበቆ ታንኳ አሠራርም ከሽማግሌዎች አፍ የሚሰማ ነው፤ ዛሬ የሞተር ጀልባ ስለበዛ የሚያስረው ሰው ጥቂት ነው።

ቋንቋችንን ዛይኛን በተመለከተ፣ ከስልጥኛና ከሐረሪ ቋንቋ ጋር የሚዛመድ ሴማዊ ቋንቋ ሲሆን ተናጋሪዎቹም በአብዛኛው ኦሮምኛና አማርኛ ጭምር ይናገራሉ። ከደሴቶቹ ወጥቶ በባቱና በመቂ ዙሪያ የሚኖረው ዛይ ብዙ ስለሆነ፣ ትምህርትዎን ከዚያ ቢጀምሩ እመርጣለሁ፤ በዚያ የሚያገኙት ሰው ደሴት ላይ ያለ አጎቱን ወይም አክስቱን ያስተዋውቅዎታል፤ ከዚያ በኋላ በሰው ቤት የሚገቡት እንደ ዘመድ እንግዳ ነው። ስለ አመጣጣችን ሲጠይቁም አንድ መልስ አይጠብቁ። አንዱ ቤት ከአክሱም ታቦት ይዘው የመጡ ካህናትን፣ ሌላው ቤት ከግራኝ ጦርነት የሸሹ ሰዎችን ይጠራል፤ ሁለቱንም ሳያርሙ ያድምጡ።

መምህር ከአዲስ አበባ
እግዜር ይስጥልኝ። እንግዲያው በጥር እሄዳለሁ። ባዶ እጅ መሄድ አልወድም፤ ምን ይዤ ልሂድ? የሽማግሌዎችንስ ድምፅ መቅዳት ነውር ይሆናል?

የደሴት ልጅ
ቡናና ስኳር ይበቃል፤ ለልጆች ደብተር ቢጨምሩ ደስ ይላቸዋል፤ ገንዘብ ግን በእጃቸው አይስጡ። ቅጂውን በመጀመሪያው ቀን አይጠይቁ። ቡናው ሁለት ጊዜ ከተፈላ በኋላ ያስፈቅዱ፤ ከፈቀዱልዎትም አንድ ቅጂ ለቤተሰቡ ይተዉላቸው፤ አያቴ ከሞቱ በኋላ ድምፃቸው በአንድ የማናውቀው ሰው ስልክ ላይ ብቻ ቀርቷል።