የሠራሁት የሰብውፈር ሳጥን ካሰብኩት በታች ተቃኘብኝ

አዳማ በሚገኘው ቤቴ ለ12 ኢንች ሰብውፈር (ወፍራም ድምፆችን ለሚያወጣ ስፒከር) በ18 ሚሊሜትር ኤምዲኤፍ የተጣራ ይዘቱ 60 ሊትር የሆነ ሳጥን ሠርቼ፣ የውስጥ ስፋቱ 10፣ ርዝመቱ 20 ሴንቲሜትር የሆነ የፒቪሲ ቱቦ ገጥሜለታለሁ። በስሌቱ መሠረት ቅኝቱ (በቱቦው ያለው አየር በብርቱ የሚርገበገብበት ድግግሞሽ) 38 ኸርዝ አካባቢ መሆን ነበረበት። ከስልኬ ነጠላ ድምፆችን እየለቀቅሁ፣ በተከታታይ ባስገባሁት ሬዚስተር አማካይነት በመልቲሜትር ስለካ ግን፣ ቅኝቱን የሚያሳየው፣ በኢምፒዳንሱ (ስፒከሩ ለተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ባለው ተቃውሞ) ሁለት ከፍታዎች መካከል ያለው ዝቅተኛ ነጥብ የተገኘው 33 ኸርዝ ላይ ነው፤ የስፒከሩ ወረቀትም ከሞላ ጎደል ጸጥ የሚለው እዚያው ነው። አየር ያሾልክ እንደሆነ ጠርጥሬ እየተጫወተ ሳለ በየመጋጠሚያው የእጣን ጭስ ባዞርም ጭሱ አልተረበሸም (የተረበሹት ጎረቤቶቼ ናቸው)። የቱቦው የውስጥ አፍ ከኋላው ጣውላ የሚርቀው 3 ሴንቲሜትር ብቻ መሆኑን ያስተዋልሁት ኮላው ከደረቀ በኋላ ነው፤ ቅኝቱን ያወረደው ይህ ይሆናል ብዬ ጠርጥሬያለሁ። ወደ 38 ለመመለስ ቱቦውን ማሳጠር ብቻ ይበቃኛል ወይስ በጎሚቶ አጥፌ አፉን ከጣውላው ማራቅ ይኖርብኛል?